ከጅማ ተነስቶ ጉማሬ፣ ዝሆንና አዞ ለማየት፦ ቦዬ፣ ግልገል ጊቤ፣ ጨበራ ጩርጩራ ወይስ ጫሞ?

ከጅማ ተነስቶ የውኃ ዳር ትልልቅ አራዊትን ማየት ለሚፈልግ ሰው የቦታ ችግር የለም፤ የሚያስቸግረው ምርጫው ነው። አንዱ "ጉማሬው ከደጃችሁ ነው፣ ቦዬ ውረዱ" ይላል። ሌላው ዝሆን ካልታየ ጉዞ አይባልም ብሎ ወደ ኮንታ፣ ወደ ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ይጠቁማል። ሦስተኛው ጫሞ ላይ በጀልባ ሳትወጡ ገንዘባችሁን ሌላ ቦታ አትጨርሱ ይላል። ሁሉም እውነት አላቸው፤ የሚመክሩት ግን በራሳቸው ጊዜና ኪስ ለክተው ነው። እሁድ ብቻ የሚያርፍ ነጋዴ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች የያዘ ቤተሰብና ስድስት ሆነው መኪና ኮንትራት የሚይዙ ጓደኛሞች አንድ ዓይነት ጉዞ አይመጥናቸውም።

ጉዞ ከንቱ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ቦታው እንስሳ ስለሌለው አይደለም፤ ሰዎቹ የደረሱበት ሰዓት ስለማይሆን ነው። ጅማ ቁርሱን በልቶ፣ ነዳጅ ቀድቶ፣ 3 ሰዓት ላይ የተነሳ ሰው ጨበራ ጩርጩራ የሚገባው ዝሆኑ ጫካ ገብቶ ጥላ ከያዘ በኋላ ነው። ፀሐይ በረድ ስትል ደግሞ ሾፌሩ "እንመለስ፣ ይመሽብናል" ይላል። ስለዚህ አማራጮቹን ስታወዳድሩ ጉዞው ስንት ቀን እንደሚፈጅ ብቻ አትጠይቁ፤ ቦታው ላይ ስንት ንጋትና ስንት ማምሻ እንደምታገኙ ቁጠሩ። አንድም ንጋት የሌለው የሁለት ቀን ጉዞ፣ አንድ ንጋት ካለው የግማሽ ቀን ጉዞ ያንሳል።

## የምናወዳድርበት መስፈርት

ሰዓት። ጉማሬ ቀኑን ውኃ ውስጥ ይውልና ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ አንድ ትልቅ ጉማሬ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ግራም ሣር ይግጣል። ሙሉ ገላው የሚታየው ሲወጣና ሲመለስ፣ ማለትም ከምሽቱ 12 ሰዓትና ከንጋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነው። በቀረው ሰዓት የምታዩት ጆሮ፣ ዓይንና አፍንጫ ነው። ዝሆን በማለዳና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወደ ውኃና ወደ ገላጣ ሣር ይወርዳል። አዞ ግን ከሁለቱም ይለያል። የገላውን ሙቀት የሚያገኘው ከውጭ ስለሆነ፣ ሌሊት የቀዘቀዘ ሰውነቱን ለማሞቅ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ዳርቻ ላይ ተዘርግቶ ይሞቃል። ለአዞ ሲባል በጨለማ መነሳት ትርፉ ድካም ነው።

ወቅት። በጅማና በአካባቢው ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ የሚጠናው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ዝናብ መንገዱን ጭቃ ያደርጋል፤ ሣሩን ከሰው ቁመት በላይ ያሳድጋል፤ ውኃውን በየቦታው ያፈሳል። ብዙ ሰው የሚያስበው መንገዱን ብቻ ነው። ሦስተኛው ግን ይበልጥ ይጎዳል፦ በየጉድጓዱ ውኃ ሲሞላ እንስሳው አንድ ወንዝ ዳር የሚሰበሰብበት ምክንያት ያጣል። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ግን ውኃው ጥቂት ቦታ ላይ ስለሚቀር እንስሳውም ወደዚያው ይሰበሰባል።

ከእንስሳው የሚለያችሁ ምንድን ነው? መኪና፣ ጀልባ ወይስ ምንም? የልጆችና የአረጋውያን ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ወጪው ምን ላይ ይወድቃል? አንዳንዱ ወጪ በነፍስ ወከፍ ነው፤ ሌላው በመኪና ወይም በጀልባ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ሰው በበዛ ቁጥር ይቀላል። ለሁለት ሰው የማይቀመስ ጉዞ ለስድስት ሰው የሚቻል ሊሆን ይችላል።

ጤና። በሁሉም ቦታ ወባ አለ። ወደ ቆላ ስትወርዱ ፄፄ ዝንብ ይጨመራል።

## ቦዬ፦ ከከተማው ጠርዝ

አዌቱ ወንዝ ጅማን አቋርጦ ከሚያልፍበት በታች ያለው የቦዬ ረግረግ በባጃጅ የሚደረስ ነው። ጉማሬ አለ፤ ወፎቹም ለብቻቸው ጉዞ ያስወጣሉ። ጥቁር ባለዘውድ ክሬን ጥንድ ጥንድ ሆኖ ረግረጉ ላይ ሲለቅም ማየት ይቻላል። ትልቁ ብልጫው ንጋትን በነጻ መስጠቱ ነው፦ ከቤታችሁ 11 ሰዓት ተኩል ወጥታችሁ 2 ሰዓት ላይ ሥራ መግባት ትችላላችሁ። አንድ ቀን ካልታየ በሌላ ቀን ይሞከራል፤ እንዲህ ያለ ዕድል በሌሎቹ ቦታዎች የለም።

ጉድለቱም ግልጽ ነው። አጥር የለም፣ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) የለም፣ ጀልባ የለም። በዙሪያው ይታረሳል፤ ከብት ይሰማራል፤ ለጡብ ሥራ አፈር ይቆፈራል፤ ስለዚህ ጉማሬው ሰውን ለምዷል ማለት ሳይሆን ከሰው ጋር ተጨናንቋል ማለት ነው። ጉማሬ ሰው የሚገድለው ሊበላ ፈልጎ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ወደ ውኃው የሚመለስበት መንገድ የተዘጋበት ሲመስለው ነው። በደረቅ መሬት ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ማንም ሰው ጭቃ ላይ ያን አያመልጥም።

ስለዚህ ከመቆማችሁ በፊት መሬቱን እዩ። የጉማሬ መንገድ ከከብት መንገድ ይለያል፦ እግሮቹ አጭርና የተራራቁ ስለሆኑ ሁለት ጎድጓዳ መስመር ያወጣል፤ በመካከላቸውም ሣር የበቀለበት ከፍ ያለ ጀርባ ይቀራል። ሁለቱ መስመሮች በአንድ ላይ ከአንድ ጋሪ መንገድ ብዙም አይጠቡም። ዳርና ዳሩ ያለው ቁጥቋጦ ላይ የተረጨ ኩበት ካያችሁ መንገዱ ሥራ ላይ ነው፤ ጉማሬ ጭራውን እያወናጨፈ ኩበቱን ይበትናልና። እንዲህ ያለው መንገድ ላይም ሆነ በመንገዱና በውኃው መካከል አትቁሙ። ከጎን፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ቢያንስ 50 ሜትር ርቃችሁ ተቀመጡ። አፉን በሰፊው ሲከፍት ፎቶ ለማንሳት የሚጠጋ ሰው አለ፤ ያ ማዛጋት ማስጠንቀቂያ ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት የአካባቢውን እረኞች ጠይቁ። ትናንት ማታ በየት በኩል እንደወጣ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

## ግልገል ጊቤ፦ ግማሽ ቀን ላላቸው

በአዲስ አበባ መንገድ ከጅማ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው የግልገል ጊቤ ቁጥር 1 ግድብ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ሲጀምር ያስከተለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ለጉማሬና ለውኃ ወፎች ምቹ ሆኗል። መንገዱ አስፋልት ስለሆነ ማንኛውም መኪና ያደርሳል። ግድቡና ማመንጫው ራሳቸው ጥበቃ ያለባቸው ናቸው፤ ወደዚያ ካሜራ ከማዞራችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ለእንስሳም ቢሆን የሚሻለው ከግድቡ ርቆ ያለው የሐይቁ ዳርቻ ነው።

እዚህ ሰው የሚሳሳተው ጭቃው ላይ ነው። በበጋ ውኃው ሲሸሽ የሚቀረው ዳርቻ ላዩ ተሰነጣጥቆ የደረቀ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ረግረግ ነው። እግር እስከ ጉልበት ይገባል፤ ቦቲው እዚያው ይቀራል። በዱላ እየወጉ መራመድ፣ ወይም ከብት የረገጠበትን ተከትሎ መሄድ ያዋጣል። በንጽጽር ከታየ ይህ አማራጭ ከቦዬ የሚሻለው ሰፊ ውኃና ሰፊ እይታ ስላለው ነው፤ ጥሩ የርቀት መነጽር ለሌለው ሰው ግን ስፋቱ ራሱ ጉዳት ነው፤ ጉማሬው ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይቀራል።

## ጨበራ ጩርጩራ፦ ዝሆን ለሚፈልጉ

በዳውሮና በኮንታ መካከል ያለው ይህ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ስፋቱ 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከፍታው ከ550 ሜትር ተነስቶ ወደ 1,700 ሜትር ይወጣል። ዝሆን፣ ጎሽ፣ ጉማሬ፣ ደፈርሳ፣ ጉሬዛና አንበሳ አለው። አንበሳውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ በድምፁ ነው የሚያውቀው፤ እሱን ተስፋ አድርጋችሁ አትሂዱ። ዝሆንን ግን ተስፋ አድርጋችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ ከጅማ በመኪና ግማሽ ቀን ተጉዞ በነጻነት የሚኖር ዝሆን ማየት ትልቅ ነገር ነው፤ የጅማ ሰው ይህን ዕድሉን በደንብ ያወቀው አይመስለንም።

መንገዱ ከጅማ ወደ ጎጀብ ሸለቆ ይወርድና ወደ ጭዳ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ አመያ ወይም ወደ ተርጫ። ጎጀብ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሾፌር ታች ሲደርስ ፍሬኑ ግሎ ይለሰልሳል፤ በከባድ ማርሽ ይውረድ። ክረምት ላይ ናዳ መንገዱን ሊዘጋ ስለሚችል ከሰኔ እስከ መስከረም ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሳትደውሉ አትነሱ። በማንኛውም ወቅት ደግሞ ሌሊት አትጓዙ፤ የመንገዱን ደህንነት በነጋታው ለመሄድ ባሰባችሁበት ዋዜማ ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

ዝሆኑን ለማየት ወሳኙ ሣሩ ነው። የፓርኩ አብዛኛው ክፍል የዝሆን ሣር የሚባለው ረጅም ሣር የሞላበት ነው። ዝናብ ሲጠግብ ከሁለት ሜትር በላይ ይቆማል፤ ዝሆን ከ20 እርምጃ ላይ ቆሞ ላታዩት ትችላላችሁ። ይህ የእይታ ብቻ ሳይሆን የደህንነትም ጉዳይ ነው፤ ስካውቶቹም በዚህ ወቅት ወደ ሣሩ በእግር ለመግባት ቢያመነቱ ልክ ናቸው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሣሩ ይደርቃል፣ ይቃጠላል፣ አዲስ ለምለም ያወጣል፤ ጎሹም ዝሆኑም በዚያን ጊዜ ወደ ወንዞቹና ወደ ትንንሾቹ ሐይቆች ይቀርባል።

በእግር ስትወጡ ስካውት የግድ ነው። ከኋላው በአንድ ረድፍ ሂዱ፣ አትነጋገሩ፣ ነፋሱን ለዩ። ዝሆን ዓይኑ ደካማ፣ አፍንጫው ኃይለኛ ነው፤ ነፋስ ከእናንተ ወደ እሱ የሚነፍስ ከሆነ ሳታዩት ይሄዳል ወይም ሳታስቡት ይመጣል። ቀላሉ ዘዴ አመድ ነው፦ በአሮጌ ካልሲ ጥቂት አመድ ቋጥራችሁ ያዙ፤ መታ ስታደርጉት የምትወጣው ብናኝ ነፋሱን ታሳያለች። ዳናውንም ማንበብ ተማሩ። የፊት እግሩን ዳና ዙሪያ በገመድ ለክታችሁ ገመዱን እጥፍ ብታደርጉት እስከ ትከሻው ያለው ቁመት ይሆናል ማለት ይቻላል። ዙሪያው 1 ሜትር ከ40 ከሆነ 2 ሜትር ከ80 የሚቆም ዝሆን አልፏል። ፋንድያው እርጥብና ሙቀት ያለው ከሆነ ደግሞ ሩቅ አልሄደም፤ ያኔ ድምፅ ማጥፋት ነው።

በእግር ከሆናችሁ 100 ሜትር ርቀት ጠብቁ። ጆሮውን ዘርግቶ፣ ራሱን ቀና አድርጎ ቢያናውጥ እያስፈራራ ነው፤ ፊታችሁን ሳታዞሩ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሽሹ። ጆሮውን ወደ ኋላ ለጥፎ፣ ኩምቢውን ጠቅልሎ ከመጣ የእውነቱ ነው፤ ትልቅ ዛፍ ወይም መኪና በመካከል አድርጉ፤ ስካውቱ የሚላችሁን ብቻ ስሙ። ግልገል የያዘች እናት ባለችበት መንጋ አጠገብ መቆየት አያስፈልግም፤ አይታችሁ ተመለሱ።

ማደሪያ ለሚያስበው፣ በፓርኩ የተሠራው የዝሆን ዳና ሎጅ ምቾት ለሚፈልግ ነው፤ አመያና ተርጫ ከተማ ውስጥ ደግሞ ቀለል ያሉ ሆቴሎች አሉ። ልዩነቱ የዋጋ ብቻ አይደለም። ከተማ ያደረ ሰው ንጋት ላይ ፓርኩ ውስጥ ለመገኘት በጨለማ መነሳት አለበት። ስለዚህ የመኪና ኮንትራት ስትይዙ እነዚህን ነጥቦች በጽሑፍ አስፍሩ፦ መኪናው ፓርክ ውስጥ ይገባል፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ይነሳል፤ የሾፌሩ አበልና ማደሪያ በማን ነው፤ ነዳጅ በማን ነው። "ጅማ–አመያ ደርሶ መልስ" ብቻ ተብሎ የተያዘ ኮንትራት ጠዋት ላይ ጭቅጭቅ ያመጣል፣ የምትከራከሩበትም ሰዓት ዝሆኑ የሚታይበት ሰዓት ነው። ሀይሩፍ ሚኒባስ ከዋናው መንገድ ሲወጣ ሆዱ ይመታል፤ የፊትና የኋላ የሚጎትት ከፍ ያለ መኪና ያዙ። በሕዝብ ማመላለሻ ከጅማ መነኸሪያ ወደ ጭዳና ወደዚያ አካባቢ መሄድ ይቻላል፤ ፓርኩ ውስጥ የሚያዞር መኪና ግን መነኸሪያ ላይ አይገኝም።

## ጫሞና ነጭ ሳር፦ አዞ በጀልባ

ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመ። አርባ ምንጭ ላይ ቆማችሁ ስትመለከቱ አባያ ቀላ ያለ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆነው ጎን ለጎን ይታያሉ፤ በመካከላቸው ያለው ጉብታ የእግዜር ድልድይ ይባላል። ጫሞ ላይ የአዞ ገበያ የሚባለው ዳርቻ አዞዎች በብዛት ፀሐይ የሚሞቁበት ነው፤ ከ5 ሜትር የሚረዝሙ አሉ። አፉን ከፍቶ የተኛ አዞ ሊነክስ አይደለም፤ ሙቀት እያስወጣ ነው።

ለጀልባ ጥሩው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ አዞው ሲሞቀው ወደ ውኃ ይገባል፤ ከሰዓት ደግሞ ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ዋጋ ስትጠይቁ "ለጀልባ ነው ወይስ ለሰው?" በሉ፤ የተለመደው በጀልባ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ቡድን ካለ ተጋሩ። የሕይወት ጃኬት ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለልጅም በልኩ፣ ሳይቆጠር አትሳፈሩ። ጀልባ ነጂው ጉማሬ ሲያይ ርቆ ሞተሩን ቀዝቀዝ ያድርግ፤ በጉማሬውና በጥልቁ ውኃ መካከልም አይግባ። ጉማሬ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ጥልቁ ነው፤ ውኃ ውስጥም እስከ 5 ደቂቃ ተደብቆ ስለሚቆይ የት እንደሚወጣ አታውቁም። እጅ ከጀልባ ውጪ አይንጠልጠል፤ ዓሣ የነካ እጅም ጀልባ ጠርዝ ላይ አይታጠብ።

የሜዳ አህያ ያለበት የነጭ ሳር ሜዳ ሌላ ጉዞ ነው፤ በድንጋያማ መንገድ ከፍ ያለ መኪና ይፈልጋል፤ ከጀልባው ጋር በአንድ ጠዋት አይደረግም። ከጅማ በጭዳና በሶዶ በኩል አርባ ምንጭ ለመድረስ ሙሉ ቀን ይሄዳል። ለአዞ ብቻ ደርሶ መልስ ማለት ሁለት ቀን መንገድ ለሁለት ሰዓት ጀልባ ነው። ግን ይህ መንገድ የጨበራ ጩርጩራ ሰፈር ላይ ያልፋል። አምስት ቀን ያለው ሰው ሁለቱን በአንድ መስመር ቢያያይዝ፣ ለአንዱ ብቻ ከሚከፍለው ብዙም ሳይጨምር ሁለቱን ያያል።

ጋምቤላንም የሚያነሳ አለ። የነጭ ጆሮ ቆርኬው ፍልሰት በእርግጥ በኢትዮጵያ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነው፤ ሆኖም ርቀቱ፣ ሙቀቱና የጸጥታው ሁኔታ ተደማምረው ለመጀመሪያ ጉዞ አይመከርም።

## በአንድ እይታ

| መስፈርት | ቦዬ | ግልገል ጊቤ | ጨበራ ጩርጩራ | ጫሞና ነጭ ሳር |
|---|---|---|---|---|
| ዋናው የሚታይ | ጉማሬ፣ ወፍ | ጉማሬ፣ የውኃ ወፍ | ዝሆን፣ ጎሽ፣ ጉማሬ | አዞ፣ ጉማሬ፣ የሜዳ አህያ |
| ከጅማ | የከተማው ጠርዝ | 55 ኪ.ሜ. ገደማ | ግማሽ ቀን | ሙሉ ቀን |
| ቢያንስ | 2 ሰዓት | ግማሽ ቀን | 2 ሌሊት | 2 ሌሊት፣ ሜዳው ሲጨመር 3 |
| ምርጥ ሰዓት | ንጋት፣ ማምሻ | ንጋት፣ ማምሻ | ማለዳ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ | ጠዋት 1:30–4:00 |
| ምርጥ ወቅት | ኅዳር–የካቲት | ኅዳር–የካቲት | ታኅሣሥ–የካቲት | ኅዳር–የካቲት፣ ከዚያም ውጪ ይሆናል |
| በምን | በእግር | በእግር | በመኪና፣ በእግር ከስካውት ጋር | በጀልባ፣ በመኪና |
| መኪና | ባጃጅ ይበቃል | ማንኛውም | ከፍ ያለ፣ አራቱም የሚጎትት | ለጀልባው ማንኛውም፣ ለሜዳው ከፍ ያለ |
| ዋና ወጪ | የለም ማለት ይቻላል | ነዳጅ | መኪና፣ ማደሪያ፣ ስካውት | መኪና፣ ማደሪያ፣ ጀልባ |
| ለትንንሽ ልጆች | ከርቀት ብቻ | ይቻላል | ከመኪና ሳይወርዱ | ጃኬት በልካቸው ካለ ይመቻል |

## ለማን የትኛው

ገንዘብ ለሌለው ተማሪ ቦዬ ነው፤ ያለ ጥርጥር። አራት ንጋት በተከታታይ ቢሄድ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሩቅ ከሚሄድ ሰው የበለጠ ያያል።

ልጆች ለያዘ ቤተሰብ፣ አንድ ቀን ብቻ ካለው ግልገል ጊቤ፤ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ካለው ጫሞ ይሻላል። ጀልባው ልጆችን ከእንስሳው ያርቃቸዋል፤ ረጅም ዝምታም አይጠይቃቸውም። ጨበራ ጩርጩራ ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ አድካሚ ነው፤ የሚያስፈልገው ዝምታና እግር ነውና።

አምስት ስድስት ሆነው ወጪ የሚካፈሉ ጎልማሶች በጥር ወይም በየካቲት ጨበራ ጩርጩራ ሁለት ሌሊት ይደሩ። አርብ ቀትር ላይ የሚነሳ ሰው ማምሻውን ይደርሳል፤ የቅዳሜን ንጋትና ማምሻ፣ የእሁድንም ንጋት ያገኛል። አንድ ሌሊት ብቻ ካላችሁ ይቅርባችሁና ሌላ ጊዜ ጠብቁ።

ለእረፍት ከውጭ የመጣ ዘመድ ያላችሁ፣ የፓርክ መግቢያ ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ የተለያየ መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሁላችሁም መታወቂያ ያዙ። ጥሬ ገንዘብም ያዙ፤ ኔትወርክ በሌለበት ቴሌብር አይከፍልም።

## መነጽሩ፣ ልብሱና ስንቁ

ከሁሉ ቀድሞ ገንዘብ የሚገባው ለርቀት መነጽር ነው፤ የአብዛኛው ስልክ ዙም የሚያደርገው ምስሉን ቆርጦ ማስፋት ነው። መነጽሩ ላይ የተጻፉት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይናገራሉ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉት፤ የሚመጣው ቁጥር ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው። 8×42 ከሆነ 5.25 ሚ.ሜ.፣ 10×42 ከሆነ 4.2፣ 10×25 ከሆነ 2.5 ብቻ። በንጋት ጭላንጭል የዓይን ብሌን በሰፊው ስለሚከፈት 10×25 ጨለማ ያሳያል፤ ቀትር ላይ ሱቅ በር ቆማችሁ ስትሞክሩት ግን ይህ አይታወቃችሁም። 10 እጥፍ የሚያቀርብ የእጅ መንቀጥቀጥንም 10 እጥፍ ያሳያል፣ በተለይ ጀልባ ላይ። ለእነዚህ አራት ቦታዎች ሁሉ የምንመርጠው 8×42 ነው። ከሣሩ ማዶ ዝሆን ብቻ ለሚከታተል፣ እጁም ለሚጸና ሰው 10×42 ይሆናል። 10×25 የሚጠቅመው ቀን ላይ፣ ክብደት ለሚያስቸግረው ሰው ነው።

ስትገዙ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ አነጣጥራችሁ እዩ፤ ሁለት ሆኖ ከታየ ወይም ጥቂት ቆይቶ ራስ ካሳመመ ሁለቱ በርሜሎች አልተገጣጠሙም፤ አትግዙ። ቀስ ብላችሁ ስትነቀንቁት ውስጡ ከተንኳኳ ፕሪዝሙ ለቋል። ከገዛችሁ በኋላ ለዓይናችሁ አስተካክሉት፦ ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመካከለኛው ጎማ አጥሩ፤ ከዚያ ግራውን ጨፍናችሁ በቀኙ ዓይን ማያ ላይ ባለው ቀለበት አጥሩ፤ ከዚያ ወዲያ መካከለኛውን ብቻ ትነካላችሁ። ይህን ሳያደርጉ "መነጽሩ አይሠራም" የሚሉ ብዙ ናቸው። ሌንሱን በነጠላ ጫፍ አትጥረጉ፤ አቧራው ይጭረዋል፤ መጀመሪያ እፍ በሉት፣ ቀጥሎ ለስላሳ ጨርቅ።

ልብስ፦ ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ አትልበሱ፤ ፄፄ ዝንብን የሚስቡት እነዚህ ቀለሞች ናቸው፤ የዝንቡ ወጥመድም የሚሠራው በእነዚሁ ጨርቆች ነው። ንክሻው ከሸሚዝ በላይ ይወጋል፤ ስለዚህ ወፍራም፣ እጅጌው ረጅም፣ አፈርማ ወይም ቅጠልማ ቀለም ያለው ይሁን። በቦዬና በጊቤ የላስቲክ ቦቲ ይስማማል፤ ጨበራ ላይ ግን ቦቲ ለብሶ ሦስት ሰዓት የተጓዘ ሰው ተረከዙ ይላጣል፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ የለመዳችሁትን ጫማ አድርጉ። ጃንጥላ ነፋስ ሲያርገበግበው እንስሳ ያስደነግጣል፤ የዝናብ ልብስ ይሻላል። ጀልባ ላይ ባርኔጣችሁ ማሰሪያ ይኑረው።

ስንቅ ከሐሙስ ገበያ ይሟላል። ጭኮና በሶ ሙቀት የማያበላሻቸው፣ ምድጃ የማይፈልጉ ናቸው፤ ሙዝ ግን መኪና ውስጥ ጨበራ ሳይደርስ ይቦካል። ውኃ ቆላ ላይ በሰው በቀን 3 ሊትር ቁጠሩ፤ አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ በ1 ሊትር ውኃ የሚበጠበጥ ስለሆነ ለቡድኑ አራት ያዙ። ስልክና ካሜራ በላስቲክ ከረጢት ይጠቅለል፤ ፓወር ባንክ ጅማ ላይ ይሞላ።

ወባን በተመለከተ፣ ቆላ የምታድሩ ከሆነ ከመሄዳችሁ ከአንድ ሳምንት በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አማክሩ፤ አንዳንዱ የመከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው ከጉዞው ቀደም ብሎ ነው፤ ከተመለሱም በኋላ ይቀጥላል። አጎበራችሁን ያዙ፤ ከ12 ሰዓት ጀምሮ እጅጌና ሱሪ ይርዘም። ወባ ከንክሻው በኋላ ለመታየት አብዛኛውን ጊዜ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ ጅማ ከተመለሳችሁ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከተሰማችሁ ድካም ነው ብላችሁ አትተኙ፤ በዚያው ቀን ደም ተመርመሩ፤ የት እንደነበራችሁም ለሐኪሙ ንገሩት።